ጭስ ቆጠራ

ወረዳው ላከብን ማኅተም ያለው ወረቀት፤
«በሦስት ቀን ይድረሰን፣ ስንት ነው ያላችሁ ቤት?»
ሊቀመንበራችን ስማቸው ይባላል፤
ስም ያወጡለት ግን ሳያውቁት ነው መሰል፣ እሱ ብቻ ያወራል።
«ቁጠር» አለኝ እኔን፣ መዝገቡን ወርውሮ፤
እኔም እንየው ነኝ፣ ስሜ ሥራ ሆኖ ተጫነብኝ ዘንድሮ።

ግን ምን ሊታየኝ ነው?
ቀርቀሃ በር በስም አንድ ቀበሌ ናት፤
በእግር ሲገቡባት ትሆናለች ሰባት።
ላይ ጎጥ ከታች ጎጥ ጋር በጥሩንባ እንጂ በዓይን አይተዋወቅም፤
ዲከረንሱ በቅሎ፣ መንገዱ ተጋርዶ፣
አማች ባማቱ አጥር ሥር እያለፈ «ቤቶች» አይልም።

ጽሕፈት ቤት ያልነው
አንድ ክፍል ቆርቆሮ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፤
ማኅተሙ የሚያድር በሊቀመንበሩ ኪስ፣ ከትንባሆው ጋር።
መታወቂያ የሻ ማኅተሙን ፍለጋ ሦስት ወንዝ ይሻገር።

በማለዳ ወጣሁ ከጉብታው ጫፍ ላይ፤
ቤቱን ባላይ እንኳ ጭሱን ልቁጠር ብዬ፣ ሲወጣ ወደ ሰማይ።
የጥንቱ ምስለኔ ግብር ሲጥል በጭስ አልነበር?
ጭሰኛ ቀረ ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ፤
ይኸው በተራዬ
ጭስ ለጭስ ስማስን፣ ስጽፍ ስሰርዝ ዋልሁ።
አንድ... ሠላሳ... መቶ... ከጉም እያማታሁ፣
ሁለት መቶ አሥራ አንድ! ብዬ ድል መታሁ።

አያ ጥጋቡ ሳቀ፣ ምሳሩን ተመርኩዞ፣ ከጉቶ ላይ ሆኖ፤
«ልጄ፣ ግማሹ ከሰል ነው፤
ዛፍ ነው የሚተነፍስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ታፍኖ።
የቤት ጭስ ቀጭን ነው፣ በሣሩ ክዳን ውስጥ ሾልኮ ይወጣል፤
ቁርስ ሲያልቅ ያልቃል።
የከሰሉ ጭስ ግን ወፍራም ነው፣ ሥራ ፈት ነው፣
ሳምንት ሙሉ ይቆማል።»
ደግመን ተቀመጥን፤ እሱ እየጠቆመ፣ እኔ እየሰረዝሁ፣
ዘጠና ሰባት ቤት በእጄ ላይ ያዝሁ።

በሁለተኛው ቀን፣ ኮሶ ውኃ ማዶ፣ ከጽዱ ሥር ወርጄ፣
ጭስ የሌለው ጎጆ አጋጠመኝ ድንገት፣ መዝገቤ በእጄ።
እመት አንጓች ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ከሰል ጫኝ፤
«እንየው ማለት አንተ? በል እስኪ እየኝ!
እሳት ጧት ጧት እጭራለሁ ከነወርቄ ቤት፤
ጫካውን ዞሬ፣ ዳገቱን ዞሬ፣ ስደርስ አመድ ናት።
ልጆቼ ከተማን ያሞቃሉ አሉ፤
ክብሪት ላኪልኝ ግን ጠፋ ከመካከሉ።
ዙሪያዬን እሳት ሲቀብሩ ይውላሉ፣ እኔ ግን በረዶ ነኝ፤
ጭስ ያልወጣው ቤት፣ ጸሐፊው፣ ቤት ነው ወይ?
ወይስ ከጉቶ ጋር ደምረኝ።»

ጻፍኋት።
ዘጠና ስምንት።

ስማቸው ቁጥሩን ሲያይ ፊቱ ተኮሰ፤
«ወረዳው ዘይት ሲያድል በቤት ልክ ነው፤ ይኼ በጣም አነሰ!»
አሮጌውን ቁጥር አስጻፈኝ፤
ማኅተሙን እፍ ብሎ፣ አትሞ ጨረሰ።
ተላከ። እስከ ዛሬ
መቶ አሥራ ሦስት ጉድጓድ ዘይት ይታደላል፣ ተብሎ ገበሬ።

ባለፈው ጥር ደግሞ
ዲከረንሱ ደርሶ ምሳር ገባበት፤
መኪናው ሄደና አቧራው ሲቀመጥ፣ ብርሃን ወጣበት።
ለካስ የወርቄ በር ካንጓች ደጅ ቅርብ ኖሯል፤
አንዴ የጠሩ እንደሁ «አቤት!» ያሰኝ ኖሯል፤
ያራቀው መንገዱ፣ ጫካውን ሲዞር ነው።
ያን ሰሞን አየኋት፣ ገል ይዛ ስትሻገር ጉቶ በሞላው ሜዳ፤
እንደቀላ ገባ፣ ከነነፍሱ ገባ፣ ፍሙ ከጓዳ።
ከጉብታው ቆጠርሁት፤ ቀጭን ነው።
መዝገቡ ተልኳል፣ የምጽፍበት የለኝ፤ በዓይኔ ነው የያዝሁት።

ሐምሌ ግም ሲል ግን ችግኝ ተሸክመው መጡ ልጆቿ፤
በመስመር ተከሉት፣ ከወርቄ አጥር አንሥተው እስከ ደጃፏ።
አሁን ከጉልበት በታች ነው፤
ለከርሞ ከወገብ። ከዚያ ወዲያ እንጃ።
እስከዚያው
«ወርቄ!» ትላታለች፣ ማታ ማታ ወጥታ፤
«አቤት!» ስትላትም የምትለው የላት፤
ትገባለች፣ ዝም ብላ፣ አይታ።